ዕድሜ ጠገብ መጻሕፍትን በነጻ ማግኘት፦ ለራስ ማሻሻያና ለኢንቨስትመንት የትኛው ምንጭ ይሻላል?

የአንድ የቆየ መጽሐፍ ርዕስ ኢንተርኔት ላይ ሲፈለግ ብዙ ዓይነት ቅጂ ተግተልትሎ ይመጣል። አንዱ ሰው በጥንቃቄ ያረመው ኢ-መጽሐፍ ነው፤ ሌላው የመቶ ዓመት ወረቀት ፎቶ፤ ሌላው ኮምፒውተር በራሱ አንብቦት ማንም ያላየው ጽሑፍ፤ ሌላው ደግሞ ባለመብቱ ሳይፈቅድ የተሰቀለ። ሁሉም ላይ “ነጻ” የሚል ተጽፏል። አንባቢው የመጀመሪያውን ያወርዳል፣ ሃያ ገጽ ሳይሄድ ይታክተዋል፣ ጥፋቱንም ለመጽሐፉ ይሰጣል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የቅጂው ነው።

ምርጫውን የሚያቀለው አንድ ነገር አለ። ራስን ስለማሻሻል የተጻፉ የቆዩ መጻሕፍት ከሞላ ጎደል ወጥ ጽሑፍ ናቸው። የኢንቨስትመንት መጻሕፍት ግን ብዙዎቹ በሠንጠረዥ፣ በዋጋ ዝርዝርና በግራፍ የተሞሉ ናቸው። ለመጀመሪያዎቹ የሚመች ድረ ገጽ ለሁለተኛዎቹ ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ “ብዙ መጽሐፍ ያለው የትኛው ነው?” ከማለት “ለዚህ መጽሐፍ የሚሆነው የትኛው ነው?” ብሎ መጠየቅ ይበጃል።

በምን እንመዝናቸው?

*የቅጂ መብት።* ከሁሉ በፊት የሚታየው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ከታች የሚነሱት ድረ ገጾች አብዛኞቹ የሚሠሩት በአሜሪካ ሕግ ነው። በዚያ ሕግ ከ1970ዎቹ በፊት የታተመና መብቱ በአግባቡ የታደሰ መጽሐፍ ከታተመ 95 ዓመት እስኪሞላው ይጠበቃል፤ ከዚያ በቀጣዩ ጃንዋሪ 1 ነጻ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1929 የታተሙት በጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ነጻ የሆኑት በዚህ ስሌት ነው። በሌሎች ብዙ አገሮች ግን ዓመቱ የሚቆጠረው ከደራሲው ሞት ጀምሮ ነው፤ በአንዳንዶቹ 50፣ በሌሎቹ 70 ዓመት።

ሁለቱ አቆጣጠሮች ምን ያህል እንደሚራራቁ በአንድ መጽሐፍ እንይ። ዴል ካርኔጊ ስለ ሰው አያያዝ የጻፈው ታዋቂ መጽሐፍ በ1936 ታተመ፤ ደራሲው በ1955 አረፈ። ከሞት በኋላ 50 ዓመት በሚቆጥሩ አገሮች መጽሐፉ ከ2006 መጀመሪያ አንስቶ ነጻ ነው፤ 70 በሚቆጥሩት ከ2026 መጀመሪያ፤ በአሜሪካ ግን ከ2032 በፊት አይለቀቅም። ያው መጽሐፍ በአንዱ አገር ሕጋዊ፣ በሌላው ሕገወጥ ማውረድ ይሆናል። የአገርዎ ሕግ የትኛውን እንደሚከተል አንድ ጊዜ አጣርተው ይያዙ።

የኢንቨስትመንት ፈላጊዎችን የሚያሳዝን እውነትም እዚህ ላይ አለ። ሁሉም ሰው የሚመክራቸው የቤንጃሚን ግራሃም ሁለት መጻሕፍት በ1934 እና በ1949 የታተሙ ናቸው። በ1949 የወጣው በአሜሪካ እስከ 2044 መጨረሻ የተጠበቀ ነው። ማንኛውም ድረ ገጽ እንዳለ በነጻ አውርዱት ሲል ቢያገኙት በፈቃድ የተሰቀለ አድርገው አይውሰዱት።

*የትርጉሙ ባለቤት።* ከግሪክና ከላቲን የተተረጎሙ የጥንት መጻሕፍት ዋናው ጽሑፋቸው ነጻ ቢሆንም እያንዳንዱ ትርጉም የራሱ የቅጂ መብት አለው። ነጻ የሚሆነው እንግዲህ አሮጌው ትርጉም ነው፤ አሮጌ ሲባል ደግሞ የ100 ዓመትም የ400 ዓመትም ሊሆን ይችላል።

*የጽሑፉ ንጽህና።* ሰው ከዋናው ገጽ ጋር እያስተያየ ያረመው ጽሑፍና ኦሲአር የሚባለው ፊደል ለቃሚ ሶፍትዌር ብቻውን ያወጣው ጽሑፍ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ። በወጥ ጽሑፍ ላይ የኦሲአር ስህተት ያናድዳል እንጂ ብዙም አያሳስትም፤ አንባቢ ቃሉን ከዐረፍተ ነገሩ ይገምተዋል። ቁጥር ላይ ግን መገመቻ የለም። የአሜሪካ ገበያዎች እስከ 2001 ድረስ የአክሲዮን ዋጋን የሚጽፉት በክፍልፋይ ነበር፤ 45⅜ ማለት 45 ዶላር ከ37.5 ሳንቲም ነው። ሶፍትዌሩ ያቺን ትንሽ ክፍልፋይ የመቶኛ ምልክት አድርጎ ያነባትና “45%” ብሎ ይጽፋል። አንባቢው የአክሲዮን ዋጋ የነበረውን የትርፍ መጠን አድርጎ ይወስደዋል፤ ዐረፍተ ነገሩም ሳይፈርስ ይቀጥላል፣ ስለዚህ ስህተቱ አይነቃበትም። 3 እና 8፣ 1 እና 7 የሚቀያየሩትም እንዲሁ ነው።

*ሠንጠረዥና ሥዕል፣ የፋይል ክብደት፣ ምዝገባ።* እነዚህን ከየምንጩ ጋር እናያቸዋለን።

ፕሮጀክት ጉተንበርግ

ማይክል ሃርት በ1971 የጀመረው የመጀመሪያው የኢ-መጽሐፍ ቤት ነው። ከ70,000 በላይ መጻሕፍት አሉት። ምዝገባ የለም፣ ማስታወቂያ የለም፣ ከሁለት ጠቅታ በኋላ መጽሐፉ ስልክዎ ላይ ነው። አብዛኛው አዲስ ጽሑፍ የሚመጣው በጎ ፈቃደኞች ገጽ በገጽ ተካፍለው ከሚያርሙት ሥራ ስለሆነ ንጽህናው ጥሩ ነው።

በእያንዳንዱ መጽሐፍ ገጽ ላይ የሚቀርቡት አማራጮች ጀማሪን ያደናግራሉ። ለስልክና ለታብሌት ኢፐብ3ን ይውሰዱ፤ ኢፐብ ፊደሉን እንደ ስክሪኑ ማሳደግና ማሳነስ የሚቻልበት የኢ-መጽሐፍ ፋይል ነው። መሣሪያዎ አሮጌ ከሆነ “ለአሮጌ ማንበቢያ” የሚለውን ኢፐብ። ሥዕል የሌለው ቅጂ እጅግ ቀላል ነው፤ ለምክርና ለፍልስፍና መጽሐፍ ይበቃል፤ ግራፍ ላለው የኢንቨስትመንት መጽሐፍ ግን ፈጽሞ አይሆንም፣ ምክንያቱም ግራፉ በሥዕልነት ስለሚቆጠር አብሮ ይወጣል። ግልጽ ጽሑፍ የሚባለው ፋይል ደግሞ ሠንጠረዦችን በክፍት ቦታ ብቻ ስለሚያሰልፍ ጠባብ የስልክ ስክሪን ላይ አምዶቹ ይዘበራረቃሉ።

ድክመቱ ሁለት ነው። ቀድመው የገቡ አንዳንድ መጻሕፍት ከየትኛው እትም እንደተወሰዱ አይገልጹም። ሁለተኛው የትርጉም ጉዳይ ነው፤ ይህን በምሳሌ ብናየው ይሻላል። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ማርከስ ኦሬሊየስ የጻፈውን “ሜዲቴሽንስ” ፈልጎ በርዕሱ የሚገባ ሰው የሚያገኘው ሜሪክ ካሶቦን በ1634 የተረጎመውን ነው። እንግሊዝኛው የአራት መቶ ዓመት እንግሊዝኛ ነው፤ ዐረፍተ ነገሮቹ ረጃጅም፣ ቃላቱ ከአገልግሎት የወጡ። እዚያው ድረ ገጽ ላይ፣ በሌላ ርዕስ ሥር፣ ጆርጅ ሎንግ በ1862 ያወጣው ትርጉም ተቀምጧል። እሱም ጥንታዊ ቅላጼ አለው፣ ሆኖም በእጅጉ ይቀላል። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ አንባቢ ይህ ልዩነት መጽሐፉን በመጨረስና በመተው መካከል ያለ ልዩነት ነው። ስለዚህ በርዕስ ሳይሆን በደራሲው ስም ይፈልጉ፣ ሥራዎቹ ሁሉ ይዘረዘራሉ፤ ከዚያ የተርጓሚውን ስም አይተው ይምረጡ።

ስታንዳርድ ኢቡክስ

ከጉተንበርግና ከመሰል ምንጮች ጽሑፉን ይወስዳል፣ ከስካኑ፣ ማለትም ከታተመው ገጽ ፎቶ፣ ጋር እያስተያየ እንደገና ያርመዋል፣ ከዚያም እንደ ማተሚያ ቤት ያስውበዋል፦ ማውጫው በትክክል ይሠራል፣ የግርጌ ማስታወሻዎቹ ሲነኩ ይከፈታሉ፣ ሽፋኑም ያምራል። ለማንበብ ደስታ የሚተካከለው የለም። “ሜዲቴሽንስ” እዚህ ያለው በጆርጅ ሎንግ ትርጉም ነው፤ ከላይ ያየነው ግራ መጋባት ቀረ ማለት ነው።

ጉድለቱ መጠኑ ነው፤ መጻሕፍቱ ከ1,000 በላይ ናቸው እንጂ በአሥር ሺዎች አይቆጠሩም፤ የኢንቨስትመንቱ ክፍልም ቀጭን ነው። ደግሞም የአንዳንድ ቃላትን አሮጌ አጻጻፍ ወደ ዛሬው ይለውጣል። ለአንባቢ ይህ ውለታ ነው፤ ቃል በቃል ጠቅሶ ለሚጽፍ ተማሪ ግን አይሆንም። ኪንድል የሚባለው የአማዞን ማንበቢያ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ኤዜድደብልዩ3 የሚባለው ፋይል የሚገባው በገመድ ከኮምፒውተር ነው። በኢሜይል ወይም በኪንድል መላኪያ ለመላክ ከሆነ ኢፐቡን ይውሰዱ፤ የኪንድል መላኪያ ከ2022 ጀምሮ ኢፐብ ይቀበላል።

ኢንተርኔት አርካይቭ

ብሩስተር ኬል በ1996 የመሠረተው ይህ ቤት ውቅያኖስ ነው። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ስለ አክሲዮን፣ ስለ ቦንድ፣ ስለ ባቡር ኩባንያዎች ሒሳብ የታተሙና ማንም እንደገና ያልተየባቸው መጻሕፍት ስካናቸው እዚህ ይገኛል። ለኢንቨስትመንት መጽሐፍ ዋናው ምንጭ ይህ ነው የምንለው ስካኑ የገጹ ፎቶ ስለሆነ ነው፤ ሠንጠረዡ እንደታተመ ነው፣ ክፍልፋዩም ክፍልፋይ ነው።

ግን የትኛውን ፋይል እንደሚያወርዱ ይጠንቀቁ። ፒዲኤፉ ፎቶው ነው። ጎኑ ላይ ያለው ኢፐብና ሙሉ ጽሑፍ የሚባለው ግን ኦሲአሩ እንዳለ ያወጣቸው ናቸው፤ የገጽ ራስጌው በዐረፍተ ነገር መሃል ይሰነቀራል፣ ሠንጠረዡ የቁጥር ክምር ይሆናል። ኢፐቡ ስለቀለለ እሱን የሚወስድ ሰው ብዙ ነው፤ በ“45%” የሚታለለውም እሱ ነው። ፒዲኤፉ ከባድ ነው፣ በአሥር ሜጋባይቶች የሚቆጠር፣ አንዳንዴም ከመቶ የሚያልፍ። ዳታ ለመቆጠብ መጽሐፉን እዚያው ድረ ገጽ ላይ ከፍቶ የሚፈልጉትን ምዕራፍ ብቻ ማንበብ ይቻላል።

ሌላው፣ እዚህ ያለ ሁሉ ለማውረድ አይደለም። አዳዲሶቹ በውሰት የሚሰጡ ናቸው፤ መለያ ከፍተው ለአንድ ሰዓት፣ አንዳንዶቹን ለ14 ቀን ይዋሳሉ። አሳታሚዎች ከሰሱና ፍርድ ቤቶች በ2023 እና በ2024 ስለፈረዱላቸው ከግማሽ ሚሊዮን በላይ መጻሕፍት ከውሰት ወጥተዋል፤ የድሮ ምክር አምነው የሚፈልጉት መጽሐፍ ከጠፋብዎ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ማንም ሰው ፋይል መስቀል ስለሚችልም፣ እዚያ ስላገኙት ብቻ ሕጋዊ ነው አይበሉ፤ የታተመበትን ዓመት ይዩ።

ሃቲትረስትና ጉግል ቡክስ

ሃቲትረስት በ2008 በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የተመሠረተ ሲሆን ከ18 ሚሊዮን በላይ ጥራዞች ይዟል። ፍለጋው በመጻሕፍቱ ውስጥ ያለውን ቃል ጭምር ያያል፤ ይህ ትልቅ ኃይል ነው። የእትም መረጃውም የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የያዘው ስለሆነ ይታመናል። “ሙሉ እይታ” የሚለውን ማጣሪያ ካላበሩ ግን የማይከፈቱ መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ ይጠፋሉ። ከአሜሪካ ውጭ ሲገቡ የሚዘጉ መጻሕፍትም አሉ፤ በጉግል ቡክስም ያው ነው። መላውን መጽሐፍ በአንድ ጊዜ ማውረድ አባል ላልሆነ ሰው ሁልጊዜ አይፈቀድም። ሃቲትረስትን ለማጣራትና ለመጥቀስ፣ ኢንተርኔት አርካይቭን ለማውረድ መጠቀም ጥሩ ክፍፍል ነው።

ዊኪሶርስ

ብዙ ሰው አያስታውሰውም፤ መታወስ ግን ይገባዋል። ጽሑፉና ስካኑ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እያንዳንዱ ገጽ ቀለም አለው፦ ቀይ ያልታረመ፣ ቢጫ አንድ ሰው ያረመው፣ አረንጓዴ ሁለተኛ ሰው ያረጋገጠው። ምን ያህል ማመን እንዳለብዎ ድረ ገጹ ራሱ ይነግርዎታል ማለት ነው። ቁጥር ከተጠራጠሩ ኅዳግ ላይ ያለውን የገጽ ቁጥር ነክተው ፎቶውን ያያሉ። ኢፐብና ፒዲኤፍ አድርጎ ማውረድም ይቻላል። የጎደለው ብዛት ነው፤ ተጀምረው ያላለቁ መጻሕፍትም አሉ፣ ስለዚህ ከማውረድዎ በፊት ማውጫውን እስከ መጨረሻው ይዩ።

ሊብሪቮክስ

ከ2005 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች የሚያነቡበት የድምፅ መጽሐፍ ቤት ነው። አንባቢው ባለሙያም ጀማሪም ሊሆን ይችላል፤ በየምዕራፉ የተለያየ ሰው የሚያነብባቸው መጻሕፍት ጆሮ ያደክማሉ። አንድ ሰው ብቻ ያነበበውን እትም ይምረጡ፤ ከማውረድዎ በፊትም የመጀመሪያውን አምስት ደቂቃ ያዳምጡ። ክብደቱን ለማስላት፦ በ64 ኪሎቢት የተቀዳ አንድ ሰዓት 29 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ በ128 ደግሞ እጥፉ። የ10 ሰዓት መጽሐፍ እንግዲህ 290 ወይም 580 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። ለንግግር ድምፅ 64ቱ ይበቃል። ሠንጠረዥ ያለው መጽሐፍ በጆሮ አይጠናም።

ከመጽሐፍ ውጭ ያሉ ሁለት የኢንቨስትመንት ምንጮች

ነጻ የሆኑት የኢንቨስትመንት መጻሕፍት በአብዛኛው ከ1930 በፊት የታተሙ ናቸው። ይህ ማለት የአክሲዮን ገበያን የሚቆጣጠረው የአሜሪካ የዋስትና ሰነዶችና ገበያ ኮሚሽን በ1934 ከመቋቋሙ በፊት ማለት ነው። በ1920ዎቹ የአክሲዮኑን ዋጋ 10 በመቶ ብቻ ከፍሎ ቀሪውን ተበድሮ መግዛት የተለመደ ነበር፤ ባለሀብቶች ተቧድነው ዋጋ የሚያንሩበትም ዘመን ነው። ስለ ሰው ፍርሃትና ስስት የሚነግሩን ዛሬም ይሠራል፤ ስለ ሕግ፣ ስለ ግብርና ስለ ግዢ ሥርዓት የሚነግሩን ግን ታሪክ ነው። ይህን ክፍተት ሳይሞሉ በአሮጌ መጽሐፍ ብቻ ገንዘብ ማዋል አደጋ ነው።

ክፍተቱን በነጻ የሚሞላ አንድ ምንጭ በርክሻየር ሃታዌይ የተባለው የአሜሪካ ኢንቨስትመንት ኩባንያ ለባለአክሲዮኖቹ የሚጽፋቸው ዓመታዊ ደብዳቤዎች ናቸው። ከ1977 ጀምሮ ያሉት በኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ተደርድረዋል። የቅጂ መብታቸው አላለፈም፤ ባለቤቱ ራሱ ለንባብ ስላስቀመጣቸው ግን ማንበብ ሕጋዊ ነው። ሁለተኛው የሴንት ሉዊስ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ የሚያስተዳድረው ፍሬዘር የተባለ የሰነድ ማኅደር ነው። የድሮ የገንዘብ ሳምንታዊ ጋዜጦችን ከነዋጋ ዝርዝራቸው ስለያዘ፣ አንድ አሮጌ መጽሐፍ “በዚያ ዓመት ዋጋው እንዲህ ነበር” ሲል ማመሳከሪያ ይሆናል።

| ምንጭ | የጽሑፍ ንጽህና | ሠንጠረዥና ግራፍ | ክብደት | ምዝገባ | የሚሻለው ለ |
|---|---|---|---|---|---|
| ጉተንበርግ | ጥሩ | መካከለኛ | በጣም ቀላል | የለም | ሰፊ ምርጫ |
| ስታንዳርድ ኢቡክስ | እጅግ ጥሩ | መካከለኛ | ቀላል | የለም | ራስን ማሻሻያ |
| ኢንተርኔት አርካይቭ | ፒዲኤፉ የገጹ ፎቶ፣ ኢፐቡ ደካማ | እጅግ ጥሩ በፒዲኤፍ | ከባድ | ለውሰት ብቻ | ኢንቨስትመንት |
| ሃቲትረስት | የገጽ ፎቶ | እጅግ ጥሩ | ኢንተርኔት ላይ ይነበባል | ለማንበብ የለም | ማጣራትና መጥቀስ |
| ዊኪሶርስ | በቀለም ይታያል | ጥሩ | ቀላል | የለም | ንባብና ማመሳከር |
| ሊብሪቮክስ | የአንባቢው ጥራት ይወስናል | የለም | ከባድ | የለም | ማዳመጥ |

ለማን የቱ?

ስልክ ብቻ ያለውና ዳታ የሚቆጥብ ሰው ከስታንዳርድ ኢቡክስ ይጀምር፤ ካጣ ወደ ጉተንበርግ ይሂድ። የሳሙኤል ስማይልስ የ1859 መጽሐፍ፣ የጄምስ አለን የ1903 ትንሽ ድርሰት፣ የቤንጃሚን ፍራንክሊን የሕይወት ታሪክ፣ ሁሉም ወጥ ጽሑፍ ስለሆኑ ስካን አያስፈልጋቸውም። የአለን ድርሰት በአንድ ማምሻ ያልቃል፤ ለጀማሪ እሱ ይሻላል።

ኢንቨስትመንትን ከታሪኩ መጀመር የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ ትረካ የሆኑትን ይያዝ። ኤድዊን ለፌቭር በ1923 ያሳተመው የአንድ አክሲዮን ነጋዴ ትረካና ቻርልስ ማካይ በ1841 ስለ ሕዝብ የገበያ እብደት የጻፈው ሠንጠረዥ ስለማይበዛባቸው በኢፐብ በምቾት ይነበባሉ። የኤድጋር ሎረንስ ስሚዝ የ1924 መጽሐፍ ግን አክሲዮንን ከቦንድ ጋር በቁጥር የሚያነጻጽር ስለሆነ ከስካን ሌላ አይታሰብ። ያውም ደራሲው የሞተው በ1971 ስለሆነ፣ በአሜሪካ ነጻ ቢሆንም ከሞት በኋላ 70 ዓመት በሚቆጥሩ አገሮች ገና ነው።

ስካን ለማንበብ 10 ኢንች ገደማ ታብሌት ወይም ኮምፒውተር ያስፈልጋል። ባለ 6 ኢንች ማንበቢያ ላይ ፒዲኤፍ ፊደሉ እንደ ኢፐብ አያድግም፤ ገጹን እየጎተቱ ማንበብ ሦስት ገጽ እንኳ አያስኬድም።

ትንሽ ገንዘብ መክፈል የሚችል ሰው በነጻ ለሚገኘው አይክፈል። የነጻ መጽሐፍ አዲስ ሽፋን አልብሰው የሚሸጡ ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ያው ያልታረመ ኦሲአር ነው። ገንዘቡን ነጻ ላልሆነው ያውለው፦ ለአንድ ዘመናዊ ትርጉም ወይም ለግራሃም መጽሐፍ። የቤተ መጻሕፍት ካርድ ያለው ሰው ደግሞ ሊቢ በተባለው መተግበሪያ አዳዲሶቹንም ሳይከፍል ሊዋስ ይችላል፣ ቤተ መጻሕፍቱ አባል ከሆነ።

መጽሐፉ የት እንዳለ ሳያውቅ ለሚጀምር ሰው፣ በተራ ፍለጋ ላይ “ነጻ ፒዲኤፍ” ብሎ መጻፍ መጥፎ መነሻ ነው፤ የባንክ ካርድ የሚጠይቁና መጽሐፍ ብለው ፕሮግራም የሚያወርዱ ገጾች የሚጠብቁት እሱን ነው። በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ያለው፣ ከ1993 ጀምሮ የሚሠራው “ዘ ኦንላይን ቡክስ ፔጅ” በደራሲና በርዕስ ሲፈለግ ሕጋዊ ቅጂዎቹ የት የት እንዳሉ በአንድ ዝርዝር ያሳያል። ከዚያ ወደ መረጡት ምንጭ መሻገር ነው።

ፋይሉ ከወረደ በኋላ ሁለት ደቂቃ ይስጡት። የርዕሱን ገጽ ከፍተው ዓመቱንና የተርጓሚውን ስም ያንብቡ። “ያጠረ” ወይም “የተመረጡ ክፍሎች” የሚል ካለ ሙሉ መጽሐፍ አይደለም። የመጨረሻውን ገጽ ይዩ፤ የማካይ መጽሐፍ መጀመሪያ የታተመው በሦስት ጥራዝ ስለነበር አንዱን ብቻ አውርዶ ጨረስኩ የሚል አንባቢ አለ። ከዚያ መሃል ላይ አንድ ሠንጠረዥ ፈልገው የረድፎቹን ቁጥር ይደምሩና ከታች ከተጻፈው ድምር ጋር ያስተያዩ። ካልገጠመ ኢፐቡን አጥፍተው ስካኑን ያውርዱ።